ተጋጣሚው አጠገብ ሲቀመጥ፦ የልጆች ቪዲዮ ጌም በቤት ውስጥ

የኮልፌ ቀራንዮ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤ ዛሬ የምናገረው በብዙ ቤት በየቀኑ ስለሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። ልጁ ጌም ይፈልጋል። እናት ትከለክላለች፤ ሥራ ሲበዛባት ደግሞ ስልኳን ሰጥታ ዝም ታሰኘዋለች። አባት «ትምህርትህን ያዝ» ይላል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገባ ብሎ ይወጣል። ከአየር ጤና እስከ ቀራንዮ፣ ከዓለም ባንክና ከቤቴል እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ያለው ምርጫ መከልከል ወይም መልቀቅ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ሦስተኛ መንገድ አለ ባይ ነኝ። ጌሙ ቤት ይግባ፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚጫወት ግን ወላጅ ይወስን። ተጋጣሚውም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይሁን። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የተዘጋ ኢንተርኔት፣ የተከፈተ በር፤ የምሟገትለት አደረጃጀት ይኸው ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤት ምን እንደሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጠባብ የኪራይ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት የሚታሰብ ሒሳብ። የሚበዛው እግር ኳስ ነው፤ ፊፋ ወይም ፔስ። እዚያ የሚደርሰው ጉዳት ከጌሙ ይልቅ በጌሙ ዙሪያ ካለው ነገር ይመጣል። «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለው ልማድ የ10 ዓመት ልጅን በምሳ ብሩ ውርርድ ያስለምደዋል። ታላላቆቹ ጎረምሶች ሲያሸንፉም ሲሸነፉም የሚናገሩትን ታናሹ ይዞት ቤት ይገባል። ጎረቤቱ ጫት ቤት ወይም ሺሻ ቤት የሆነበት ቦታም አለ። የከተማው አስተዳደር በትምህርት ቤቶች ዙሪያ «አዋኪ» እያለ ስለሚዘጋቸው ንግድ ቤቶች ሲነገር ፕሌይስቴሽን ቤት አብሮ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቤቱን የሚዘጋ ሰው ልጁን ወደዚያ የሳበው ምን እንደሆነ ካልጠየቀ ሥራው ግማሽ ይቀረዋል። ልጁ የሄደው ጓደኛው አጠገቡ ስለሚቀመጥ ነው። ጎል ሲያገባ የሚጮህበት፣ ሲገባበት የሚበሳጭበት፣ «አንድ ተጨማሪ» ብሎ የሚለምነው ሰው እዚያ አለ። በሩ ሲዘጋበት ይህ ፍላጎት አብሮ አይዘጋም፤ ወደ ስልክ ይዛወራል።

ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ሞባይል ልጁን የሚያገናኙት በሌላ አገር ባለ ሰርቨር በኩል ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ከጎኑ የተሰለፈው «ጓደኛ» የ11 ዓመት ልጅ ይሁን የ40 ዓመት ሰው አያውቅም። የድምፅ መነጋገሪያው ክፍት ነው፤ ከጨዋታው በኋላ ወደ ቴሌግራም እንዲሻገር መጋበዝም ቀላል ነው። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት በኢትዮጵያ ላይ በጋራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ዘገባ፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ልጆች መካከል ከ10ሩ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ በኦንላይን ለሚፈጸም ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት መጋለጡን ያሳያል። ጥናቱ ስለ ጌም ብቻ የተካሄደ ስላልሆነ ቁጥሩን ጌም ያመጣው አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። የሚነግረን ግን ልጁ ለብቻው የሚገባበት መስኮት ወዴት እንደሚከፈት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በልጆች ላይ በዚህ መንገድ የሚፈጸምን ድርጊት ይቀጣል፤ ሕጉ አስፈላጊ ነው። ሕግ የሚደርሰው ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ቦታ የሚይዘው ወላጅ ብቻ ነው፤ ወላጅም ሊቆጣጠረው የሚችለው ትልቁ ነገር ተጋጣሚው ማን እንደሆነ ነው።

አንዳንድ ሰው ያለ ኢንተርኔት መጫወት የድሃ አገር መፍትሔ ይመስለዋል፤ ኦንላይን ዋናው፣ ይህ ምትኩ። የቪዲዮ ጌም ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዊሊያም ሂጊንቦተም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጎብኚዎችን ለማዝናናት የሠራው ቴኒስ ስሙ ራሱ «ቴኒስ ለሁለት» ነበር፤ ሁለት ሰዎች መቆጣጠሪያቸውን ይዘው አንድ ትንሽ ክብ መስኮት እያዩ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የቤት ጌም፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ፣ ከሁለት መቆጣጠሪያ ጋር የተሸጠ ሲሆን አብዛኞቹ ጨዋታዎቹ ያለ ሁለተኛ ሰው አይሠሩም። በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪው ፖንግም እንዲሁ ነው። ከማይታይ ሰው ጋር መጫወት ኋላ የመጣ ነገር ነው። እኛም ዘንድ ገበጣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ይህንኑ ጨዋታ ወደ ስልክ አምጥቶታል። ስለዚህ ልጆችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማጫወት የጌምን ቀደምት መልክ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። «ጌም ልጁን ጠበኛ ያደርገዋል» የሚለው ስጋት በብዙ ወላጅ አፍ አለ፤ ንቆ ማለፍም አይገባም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባደሰው የአቋም መግለጫ ጥቃት የበዛባቸው ጌሞች እንደ መጮህና መገፋፋት ካለ ቁጡ ባሕርይ ጋር ትንሽ ግን ተደጋጋሚ ግንኙነት እንዳላቸው ይቀበላል፤ ከባድ የኃይል ድርጊትን በጌም ማሳበብ ግን በቂ ማስረጃ የለውም ይላል። ይህ ወላጅን ወደ ሁለት ነገር ይመራዋል፦ የጌሙን ዓይነት ወደ መምረጥና የጨዋታውን ሁኔታ ወደ ማየት። ስለ ሁኔታው ደግሞ በዩታ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ11 እስከ 16 ዓመት ያሉ 287 ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ጌም ከወላጅ ጋር የሚጫወቱ ሴት ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ያላቸው ቅርበት የተሻለ፣ ጭንቀትና ቁጣቸውም ያነሰ ሆኖ አግኝተዋል። በወንዶቹ ላይ ግን ተመሳሳይ ውጤት አልታየም። ደግሞም ጥናቱ ግንኙነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቀድሞውንም የሚቀራረቡ ቤተሰቦች አብረው ይጫወቱ ይሆናል። ይህን ሁሉ ይዤም ጥናቱን የማነሳው ለኛ ቤት አንድ የተረሳ ነገር ስለሚያመለክት ነው።

የተረሳችው ሴት ልጅ ናት። ፕሌይስቴሽን ቤት የወንዶች ቦታ ነው፤ እዚያ ገብታ ተራ የምትጠብቅ የ12 ዓመት ልጅ ማየት ብርቅ ነው። ጌሙ ወደ ቤት ሲመጣ ይህ ሊቀር ይችላል፣ ወይም ያው ልማድ ሊደገም ይችላል፦ ወንድም ከጓደኞቹ ጋር ጆይስቲክ ይይዛል፣ እህት ቡና ታፈላለች፣ ሳህን ታነሳለች። ወላጅ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሲገዛ የማን እንደሆነ አብሮ ቢወስን ያለ ብዙ ወጪ ትልቅ ነገር ያስተካክላል። ሁለተኛው ጆይስቲክ የእህት ይሁን። ጓደኛ ሲመጣ ተራው በዙር ይሂድ፤ እሷም በዙሩ ትግባ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ሲደነግግ የወንድ ልጅ ብቻ አላለም።

እንግዲህ አደረጃጀቱ። ቦታው ሳሎን ይሁን፤ ሰው የሚያልፍበት፣ ከማዕድ ቤት የሚታይ ቦታ። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮም ሆነ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ የኪራይ ክፍል በዚህ ረገድ የሚጠቅመው ነገር አለ፤ ጠባብ ቤት ልጅን አይሰውርም። አደጋው ያለው ቤቱ ሰፋ ሲልና ጌሙ ልጁ ክፍል ሲገባ ነው። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ልጅ ላይ እንዳይወድቅ ማሰብ ከሁሉም ይቀድማል። ከፍ ባለ ብፌ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ደግሞ እስከ ሶፋው የተዘረጋ የጆይስቲክ ገመድ፣ ገመዱን የሚጎትት የ3 ዓመት ታናሽ፤ ይህ በማንኛውም ቤት የሚደርስ አደጋ ነው። ግድግዳ ላይ በደንብ ይታሰር ወይም ዝቅ ባለና በማይወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ በገመድ ስለሚሠራ ልጆቹ ወደ ማሽኑ ይጠጋሉ፣ ገመዱም መተላለፊያ ላይ ይጋደማል። በዚያው ሳሎን ቡና ሲፈላ ከሰል ያለበት ምድጃና ጀበና መሬት ላይ እንደሚቀመጡ አስቡ። ቡናና ጌም በአንድ ሰዓት በአንድ ወለል ላይ እንዳይገናኙ ማድረግ ለትንንሽ ልጆች ከማንኛውም የኢንተርኔት ማጣሪያ ያላነሰ ጥበቃ ነው።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ ዲቫይደር ላይ ቴሌቪዥን፣ ፕሌይስቴሽን፣ ዲኮደር፣ የስልክ ቻርጀርና የእንጀራ ምጣድ መደርደር ሽቦውን ያግለዋል፤ ምጣድና ካውያ ከዚህ መስመር ፈጽሞ ይውጡ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ከሶኬት ይነቀል፤ ተመልሶ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሰካ። ስታቢላይዘር መግዛት የሚችል ይግዛ፤ የማይችል ግን መንቀልን ልጁን ቢያስለምደው ዋናውን አደጋ ያስቀራል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ከሆነ የኃይል መስጫው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት አያስፈልግም። 100–240 የሚል ከሆነ የኛን 220 ቮልት ይቀበላል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ኮንቨርተር ይቃጠላል። ሌላም አለ፦ ቤታችን ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በዳንቴል መሸፈን ይወዳል። ፕሌይስቴሽን ሲሠራ ሙቀቱን በአየር ስለሚያስወጣ በዳንቴል ከተሸፈነ ወይም ብፌ ውስጥ ከተዘጋበት ይግላል። ከጨዋታ በኋላ ሲቀዘቅዝ አቧራ እንዳይገባበት መሸፈን ግን ጥሩ ነው። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ እንዳይጨልም፣ ልጆቹም ከስክሪኑ ራቅ ብለው እንዲቀመጡ አድርጉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ብልጭ ድርግም የሚሉ ምስሎች ሊቀሰቅሱበት ስለሚችሉ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይጀመር።

ቀጥሎ የሚመጣው ማሽኑ ውስጥ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፣ ምክንያቱም ብዙ ጠንቃቃ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሌላ አገር ጌም የሚገዛ ወላጅ ካርቶኑ ላይ የዕድሜ ምልክት ያያል። በአውሮፓው አሠራር 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር አለ፤ የአሜሪካው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የራሱ ፊደላት አሉት። የእግር ኳስ ጌሞች 3 ይባላሉ፤ ጂቲኤ 18። እኛ ጋ ግን ካርቶን የለም። ማሽኑ ክራክ ተደርጎ፣ ሃርድ ዲስኩ በጌም ሞልቶ ይሸጣል፤ ጌም የሚጭነውም ሰው ደንበኛውን ለማስደሰት ያለውን ሁሉ ይገለብጣል። ባለቤቱ ያልፈቀደው ቅጂ መሆኑ አንድ ችግር ነው፤ ሌላው ችግር የዕድሜ ምልክቱ በመንገድ ላይ መቅረቱ ነው። አባት «ለልጄ ኳስ» ብሎ የገዛው ማሽን ውስጥ፣ ከኳሱ በታች ባለው ዝርዝር፣ ለአዋቂ የተሠራው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ የሚጫነውን በስም እየጠሩ ማስጫን፣ ቤት ሲደርሱም ልጁ ሳይኖር ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ የማይፈለገውን ማጥፋት የወላጅ ሥራ ነው። «እኔ ቴክኖሎጂ አላውቅም» የሚል ወላጅ አለ። ዝርዝር ማንበብና ማጥፋት የሞባይል አድራሻ ደብተር ከማስተካከል የሚከብድ አይደለም፤ ያልገባውን ጌም ስም ይዞ የሰፈሩን መምህር ወይም ኮሌጅ የገባ የዘመድ ልጅ ቢጠይቅም አያሳፍርም።

ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ የወላጅ መቆጣጠሪያ አብሮት አለ፤ ነገር ግን ከፋብሪካው የሚመጣው የገደብ ኮድ 0000 ስለሆነ ወላጅ ካልቀየረው ልጁ በአንድ ደቂቃ ይከፍተዋል። የፕሌይስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ይህ ማለት እዚህ ያለ ልጅ አካውንት ሲከፍት አገሩን አሜሪካ ወይም ሌላ ብሎ ይጽፋል፤ አገሩን የዋሸ ልጅ ዕድሜውንም ለመዋሸት አይቸገርም፤ የልጆች ጥበቃ የሚባለው ሁሉ ደግሞ በተጻፈው ዕድሜ ላይ የቆመ ነው። ማሽኑን ከዋይፋይ ጋር አለማገናኘት ይህን ሁሉ ከሥሩ ያስቀረዋል። ሁለት ልጆች በአንድ ቴሌቪዥን ኳስ ለመጫወት ኢንተርኔት የሚያስፈልጋቸው ነገር የለም።

ፕሌይስቴሽን መግዛት የማይችል ቤትስ? ይህ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የከበደው ነው፤ ስለ ልጆች ጌም የሚሰጥ ምክር ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያለውን ቤት ብቻ የሚያይ ነውና። ግን ሁለት ተራ አንድሮይድ ስልኮች ባሉበት ቤት ያለ አንድ ሜጋባይት ዳታ አብሮ መጫወት ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በአንዱ ስልክ ዳታ ይጠፋል፣ ከዚያ ሆትስፖት ይበራል። ሌላው ስልክ በዋይፋይ ይገናኘዋል፤ በእሱም ላይ ዳታ ይጠፋል። አሁን ሁለቱ ስልኮች እርስ በርሳቸው ብቻ ይነጋገራሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣ በር ስለሌለ ከውጭ የሚገባም የለም። ዳታው በመጥፋቱ በጨዋታ መሐል ብቅ የሚለው ማስታወቂያም በአብዛኛው ይቀራል። ሚኒ ሚሊሺያ በሰፈራችን የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ የተኩስ ጨዋታ ስለሆነ ግን ለትንንሾቹ አልመርጠውም። ማይንክራፍት በአንድ ዋይፋይ ላይ ላሉ ብቻ ዓለሙን የሚከፍት ምርጫ አለው፤ ልጆቹ ተባብረው ቤትና መንደር ይሠሩበታል። ሮብሎክስና ፍሪ ፋየር ግን በዚህ መንገድ አይሠሩም፤ ያለ ሰርቨር አይከፈቱም። «በብዙ ሰው የሚጫወቱት» የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ በቤት ውስጥ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ዳታ ጠፍቶ የማይከፈተው ጨዋታ ለዚህ አደረጃጀት አይሆንም።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው አንድ ነገር ይጨምርበት። የሆትስፖት ሞገድ ግድግዳ ያልፋል፤ ከላይና ከታች ፎቅ፣ ከጎን ቤትም ይታያል። ስለዚህ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ቃሉም 12345678 ወይም የልጁ ስም አይሁን፤ የሆትስፖቱ መጠሪያም የቤተሰቡን ማንነት አይግለጽ። ጨዋታው ሲያበቃ ይጥፋ። ጌሙን ራሱን ከየት እንዳመጡት ማወቅም ያስፈልጋል። ልጆች በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉታል፣ ከቴሌግራም ቻናልም «ሁሉ ነገር የተከፈተ» የሚል ቅጂ ያወርዳሉ። የተነካካ ፋይል ውስጥ ምን እንደገባበት አይታወቅም፤ በዚያው ስልክ ላይ ደግሞ የእናት ቴሌብር አለ። ከጎግል ፕሌይ ብቻ፣ ወላጅ እያየ፣ አንድ ጊዜ በዋይፋይ ይውረድ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያጸናው «የሚታወቅ ሰው ከማይታወቅ ይሻላል» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ንቁ አድማጭ ሊያቆመኝ ይገባል፤ ምክንያቱም ልጅን የሚጎዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚታወቁ ናቸው። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የኢትዮጵያ ጥናትም ይህንን ይላል። የጎረቤት ጎረምሳ፣ ዘመድ፣ የቤተሰብ ወዳጅ። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ክርክሬንም ያጠብቀዋል እንጂ አይንደውም። ኢንተርኔት መዝጋት ብቻውን ደኅንነት አይደለም። ሳሎኑ ሳሎን ሆኖ መቆየት አለበት፤ በሩ አይዘጋም፣ መጋረጃው አይጋረድም፣ አንድ አዋቂ በሚሰማበት ርቀት ይኖራል። የዕድሜ ልዩነቱም ይታይ፤ የ9 ዓመት ልጅና የ17 ዓመት ጎረምሳ ለረጅም ሰዓት ብቻቸውን የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ወላጅ ሥራ ውሎ ልጁ ከሠራተኛዋ ጋር ብቻ የሚውልበት ቤት ከሆነ የጎረቤት ልጆች የሚመጡበት ቀን ወላጅ ያለበት ቀን ይሁን። እሷ የማዕድ ቤቱን ሥራ ይዛ የአምስት ልጅ ዳኛ እንድትሆን መጠበቅ ለእሷም ለልጆቹም አይበጅም። የሚመጣው ልጅ እናት ደግሞ ልጇ የት እንዳለ ትወቅ፤ በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ሰዎች ይህን ለመነጋገር የቡና ሰዓት ይበቃል። ልጅም «እንዲህ ቢያደርጉኝ ለማን እናገራለሁ» የሚለውን ጥያቄ መልስ ከመጀመሪያው ቀን ሊያውቀው ይገባል፤ ሲናገር ጌሙ እንደማይወሰድበትም ጭምር። ብዙ ልጅ ዝም የሚለው መጫወቻው እንዳይነጠቅ ፈርቶ ነው።

በጨዋታው ውስጥ የሚነሳ ጠብ ይኖራል፤ መኖሩም አያስደነግጥ። ተጋጣሚ አጠገብ ሲቀመጥ ተሸናፊው የአሸናፊውን ፊት ያያል፣ አሸናፊውም የተሸናፊውን። ስድብ ከማይታይ ሰው አፍ ሲወጣ ዋጋ አያስከፍልም፤ ሶፋ ላይ ግን የተሰደበው ልጅ ያለቅሳል ወይም ተነስቶ ይሄዳል፣ ጨዋታውም ያበቃል። ልጁ ንግግሩ ምን እንደሚያደርግ የሚማረው ከዚህ ነው። ታላቅና ታናሽ ሲጫወቱ ታናሹ ሁልጊዜ እየተሸነፈ እንዳይመረር ሁለቱን በአንድ ቡድን አሰልፎ ከኮምፒውተሩ ጋር ማጋጠም ይቻላል፤ ፊፋም ፔስም ይፈቅዳሉ፣ ብዙ ቤት ግን አይሞክረውም። በብር፣ በብስኩትም ቢሆን፣ መወራረድ አይግባ። የፕሌይስቴሽን ቤቱን ክፉ ልማድ ወደ ሳሎን ማምጣት ይሆናል።

ሰዓቱን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በታች ላሉት ጨርሶ እንዳይኖር ይመክራል። ለታላላቆቹ እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር የለም፤ እንቅልፍ፣ ጥናትና ሩጫ ቦታቸውን እስከያዙ ድረስ ቤተሰቡ ይወስናል። በደቂቃ ከመቁጠር በጨዋታ መቁጠር ጠብ ይቀንሳል፦ «ሦስት ጨዋታ» የተባለ ልጅ መጨረሻውን ያውቃል፣ የእያንዳንዱን ርዝመትም ከጌሙ ማስተካከያ ማሳጠር ይቻላል። «20 ደቂቃ» የተባለው ግን በ85ኛው ደቂቃ አንድ ለአንድ ላይ ሳለ ሲጠፋበት መቆጣቱ አይፈረድበትም። ልጁ ጌምን መቆጣጠር አቅቶት፣ ትምህርትና ጓደኛ ትቶ፣ ጉዳቱን እያየም የማያቆም ከሆነና ይህ ዓመት ያህል ከዘለቀ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የድርጅቱ የበሽታዎች ምደባ ሕመም ተብሎ ተመዝግቧል፤ በቁጣ የሚድን ስላልሆነ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ከዚያ የሚደርሰው ግን ከተጫዋቾቹ ጥቂቱ ነው፤ ኳስ የሚወድ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም።

«ውጭ ወጥቶ ኳሱን አይጫወትም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቅን ነው፤ ሜዳ ባለበት ምርጫዬም ሜዳ ነው። ሰፈሮቻችን ግን ከአሥር ዓመት በፊት የነበራቸው ባዶ ቦታ እየታነጸበት ነው፤ አስፋልቱ ላይ ያለው መኪና በዝቷል፤ ክረምት ደግሞ ጭቃና ዝናብ ነው። ከፍተኛው ጨዋታ የሚደረገው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ሜዳ የሚልከው የለም። ጌሙ የሚወዳደረው ከሜዳው ጋር ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ልጁ ብቻውን ሶፋ ጥግ ተኝቶ ከሚያገላብጠው ስልክ ጋር ነው። በዚህ ሚዛን ሁለት ልጆች አብረው የሚጮሁበት ጨዋታ ይበልጣል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ስለ ወደፊት ነው፦ ዓለም ኦንላይን ሲሆን ልጄን ዘግቼ ላኖረው ነው? አይደለም። ዳታ አጥፍቶ ሆትስፖት ያበራ፣ የይለፍ ቃል ያወጣ፣ የትኛው ጌም በሰርቨር የትኛው በቤት ውስጥ እንደሚሠራ የለየ የ11 ዓመት ልጅ ስለ ኔትወርክ የሚያውቀው፣ ፍሪ ፋየር ላይ ሌሊቱን ካደረው እኩያው ይልቃል። ኦንላይን የሚገባበት ጊዜ ሲደርስም የመጀመሪያው ተጋጣሚ የሚታወቅ ሰው ይሁን። ብዙ ቤት ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የአክስት ልጅ አለው፤ ሁለቱ እናቶች በስልክ ተነጋግረው ሰዓት ይያዙ። በአዲስ አበባ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እዚያ የቅዳሜ ቀትር አካባቢ ስለሆነ ማንንም ከእንቅልፍ አይከለክልም። አካውንቱ በወላጅ ስም፣ የመክፈያ ካርድ ሳይገባበት ይከፈት፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሰው መልእክት እንዳይልክ ይዘጋ። ድምፁም በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ስፒከር ይውጣ፤ አያት እንጀራ ስትጋግር የልጅ ልጇን ድምፅ ከባሕር ማዶ ሰምታ እሷም ሰላምታዋን ትጨምርበታለች።